ፈገግታ መብራት አያመጣም

ስለ ትላልቅ ድርጅቶች አገልግሎት አሰጣጥ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፤ «ችግሩ የሠራተኛው ሥነ ምግባር ነው» ይባላል። ተሰልፎ የዋለው ባለጉዳይ እንዲህ ይላል፣ የድርጅቱ ኃላፊም የግማሽ ዓመት ግምገማ ሲከፍት ይህንኑ ይደግማል፣ ጋዜጠኛውም ዘገባውን «የአገልጋይነት መንፈስ ሊጎለብት ይገባል» ብሎ ይዘጋዋል። መድኃኒቱም ከበሽታው ጋር አብሮ ታውቋል። ሠራተኛው ስለ ደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ይወስዳል፣ የስም መለያ ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ የዜጎች ቻርተር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በሩ አጠገብ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ይቀመጣል። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር፣ ካይዘን እየተባለ ሃያ ዓመት ያህል የተኬደበት መንገድ በአመዛኙ ይኸው ነው። እኔ ይህ ፍርድ ስህተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ቁጣችንን ሥልጣን በሌለው ሰው ላይ እያስጨረሰ፣ ሥልጣን ያለውን ከተጠያቂነት ያሳርፈዋል። የመብራት፣ የስልክና የባንክ አገልግሎት የሚበላሸው፣ ብልሽቱ አገልግሎት ሰጪውን ምንም ስለማያስከፍለው ነው። የመቋረጡ፣ የመዘግየቱና የስህተቱ ኪሳራ ሙሉ በሙሉ ደንበኛው ላይ እስካረፈ ድረስ ሠራተኛውን ብናሠለጥነውም ብንቀጣውም ብንለውጠውም ነገሩ ባለበት ይቀጥላል።

ከቆቦ ሆኖ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል በተዘረጋው የራያ ሜዳ ያለች ከተማ ናት። መሬቱ ለም ነው፤ ዝናቡ ግን አይታመንም። ጎርፍ ከደጋው በሆርማትና በጎሊና ወርዶ ሜዳውን ሲያጠጣ ማሽላው ይይዛል፤ ሲቀር ይቀራል። ለዚህ ነው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች እየተቆፈሩ የከርሰ ምድር ውኃ በፓምፕ መሳብ የተጀመረው። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ የሚለማው በዚህ ውኃ ነው። እንዲህ ባለ አገር ኤሌክትሪክ ለአምፖል ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም። በመብራት የሚሠራ ፓምፕ ለአንድ ሳምንት ሲቆም፣ በቆላው ፀሐይ ሥር ያለ የሽንኩርት ማሳ ምን እንደሚሆን ገበሬው ያውቀዋል፤ ሥሩ ያልጠለቀው ችግኝ ይጠወልጋል፣ መቋጠር የጀመረውም ሳይሞላ ይቀራል። የመብራት ወፍጮ ሲቆም ሴቲቱ ማሽላዋን አዝላ ናፍጣ ወፍጮ ፍለጋ ትሄዳለች፤ ናፍጣ ውድ ነውና ለማስፈጫ የምትከፍለው ይጨምራል፣ የምሽቱ ሊጥም ሳይቦካ ይቀራል። ብየዳ ቤቱ ሠራተኞቹን ይዞ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ይህ ሁሉ ኪሳራ እውነተኛ ነው፣ በብርም ሊተመን ይችላል። ነገር ግን የትም አልተጻፈም። በአገልግሎት ሰጪው መዝገብ ላይ የሚታየው ያልተሸጠው ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ የደረቀው ማሳ፣ የቆመው ወፍጮና የባከነው የሰው ቀን ከሒሳቡ ውጭ ናቸው። ከሒሳብ ውጭ የሆነን ኪሳራ ለመቀነስ ደግሞ ማንም ሥራ አስኪያጅ በጀት አይመድብም።

አሁን ወደ አገልግሎት መስጫው መስኮት እንምጣ። የካርድ ቆጣሪ ያለው ደንበኛ ገንዘቡን የሚከፍለው መብራቱን ከመጠቀሙ በፊት ነው። ካርዱን ይዞ የአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ድረስ ይመጣል፣ ይሰለፋል፣ ተራው ሲደርስ «ሲስተም የለም አባባ፣ ነገ ይሞክሩ» ይባላል። ገንዘቡ በእጁ ነው፣ መስመሩ ቤቱ ድረስ ተዘርግቷል፣ ጨለማ ውስጥ የሚያድረው ግን እሱ ነው። ይህን የምትነግረው ልጅ ምን ልታደርግ ትችላለች? ሲስተሙን አትጠግነውም። ሲስተሙ መቼ እንደሚመለስ አልተነገራትም። በሌላው መስኮት ስለተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚጠየቀው ባልደረባዋም መለዋወጫ የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ውሳኔው ያለው ወልድያ ወይም ደሴ፣ አለዚያም ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው። ሰው በዚያ መስኮት ላይ ሲጮህ ሲሳደብ ማየት የተለመደ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ሥልጠናውም የሚያተኩረው እዚሁ ዳውላው ላይ ነው፤ ልጅቷ «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ፊቷን ፈታ አድርጋ እንድትናገር ያስተምራታል። ቃሉ ግን ያው ነው፤ ደንበኛውም ያው ጨለማ ውስጥ ያድራል።

ባለጌ ሠራተኛ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ እጅ መንሻ ካላየ ፋይል የማያነሣም አለ። ግን ይህ ሠራተኛ ከየት ኃይል እንዳገኘ ማየት ያስፈልጋል። ቆጣሪ ለማስገባት ያመለከተ ሰው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚገባለት የሚያስገድድ ቀነ ገደብ ከሌለ፣ ቀኑ ካለፈም ድርጅቱ የሚከፍለው ነገር ከሌለ፣ መዘግየት ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። አንዱን ማስቀደምና ሌላውን ማዘግየት በማንም ሒሳብ ላይ አይታይም። መዘግየት ድርጅቱን የሚያስከፍለው ቢሆን ኖሮ ፋይሉን ያስቀመጠውን ሠራተኛ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱ አለቃ ነበር። ስለዚህ ሥነ ምግባር የሚባለው ነገር እንኳ ቢሆን የበላዩን ችግር ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ትላልቅ ድርጅቶች ኪሳራው የራሳቸው ሲሆን ምን ያህል እንደሚፈጥኑ ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. የተሻለ ማስረጃ የለም። በዚያ ወር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ስህተት በአንድ ሌሊት ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ አወጡ፣ አስተላለፉ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣበት ገለጸ። ስህተቱ የባንኩ ነበር። ባንኩ ግን ማን ስንት እንደወሰደ ለየ፣ የመመለሻ ቀነ ገደብ አወጀ፣ ያልመለሱትን ስም ከነፎቶግራፋቸው በየቅርንጫፉ ለጠፈ፣ አብዛኛውን ገንዘብም መልሶ ሰበሰበ። ገንዘቡን ማስመለሱ መብቱ ነው፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የምለው ሌላ ነው። ይህ ድርጊት ችሎታ እንዳለ አሳይቷል። አንድ ሲስተም ማን፣ የት፣ ስንት ብር እንደወሰደ በጥቂት ቀናት ለይቶ ማወቅ ከቻለ፣ ከኤቲኤም ብር ሳይወጣለት ከሒሳቡ የተቀነሰበትን ወይም የላከው ገንዘብ መንገድ ላይ የቀረበትን ደንበኛ ለይቶ፣ ሳይጠየቅ መመለስም ይችላል። ለባንኩ ገንዘብ የተሰጠው ፍጥነት ለደንበኛው ገንዘብ የማይሰጥበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። ልዩነቱ ኪሳራው የማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

ይህ ሚዛን ያጣ አሠራር በውሎቹ ውስጥም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የመብራት ሒሳቡን በወቅቱ ያልከፈለ ደንበኛ ቅጣት ይታከልበታል፣ ከቆየም መስመሩ ይቆረጣል። መብራት በወቅቱ ያላቀረበ ድርጅት ግን ከሒሳቡ ላይ ሳንቲም አይቀነስበትም። የሞባይል ጥቅል የገዛ ሰው ኔትወርክ ጠፍቶ ሳይጠቀምበት ቢቀር፣ ጥቅሉ በቀኑ ጊዜው ያልፍበታል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር አዲስ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። የጭማሪው መርሐ ግብር በሩብ ዓመት ተከፋፍሎ በግልጽ ተቀምጧል። በዚያው ልክ የመቋረጡ ሰዓት በየሩብ ዓመቱ በስንት እንደሚቀንስ፣ ካልቀነሰም ለደንበኛው ስንት እንደሚመለስለት የሚያስገድድ መርሐ ግብር ከታሪፉ ጋር አልመጣም። ደንበኛው የሚከፍለው በቁጥር ተወሰነ፤ የሚያገኘው ግን በተስፋ ቀረ።

ሕዝብ ሳይለወጥ፣ ባህል ሳይለወጥ፣ ሠራተኛ ሳይለወጥ፣ ደንብ ብቻ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ የራሳችንን አየር መንገድ ይመልከት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ደንብ መሠረት ከኅብረቱ አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ ማንኛውም አየር መንገድ፣ የየትም አገር ይሁን፣ በረዥም በረራ ከአራት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ቢያደርስ ለእያንዳንዱ መንገደኛ 600 ዩሮ የመክፈል ግዴታ አለበት። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ የሚበር የኢትዮጵያ አውሮፕላን በዚህ ደንብ ሥር ነው። ያው አውሮፕላን፣ ከነአብራሪዎቹና ከነአስተናጋጆቹ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲበር ግን ደንቡ አይደርስበትም። መንገደኛው አንድ፣ ድርጅቱ አንድ፣ ወንበሩም አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ አቅጣጫ መዘግየት በዩሮ የተተመነ ዕዳ ነው፤ በሌላው አቅጣጫ ይህ ዕዳ የለም። «የእኛ ሰው ለአገልግሎት አልተፈጠረም» የሚሉ ሰዎች ይህን እንዴት እንደሚያስረዱ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ከሚቀርቡብኝ ተቃውሞዎች ሁሉ ብርቱው የውድድር ነው። ተወዳዳሪ ይግባ፣ ደንበኛው መሄጃ ሲያገኝ ሰነፉ ይነቃል ይባላል። ውድድር መልካም ነው፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ አገልግሎት አማራጭ መኖሩ የማይናቅ ነው። ግን የኤሌክትሪክ መስመር በአንድ መንደር ሁለት ጊዜ አይዘረጋም፤ የቆቦ ወፍጮ ቤት ከሌላ ድርጅት መብራት ሊገዛ አይችልም። በባንኩ በኩል ደግሞ በአገሪቱ 30 ያህል ባንኮች እያሉ «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ከመስኮቶቻችን አልጠፋም። ከዚህም የጠለቀ ምክንያት አለ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመውን ታዋቂ መጽሐፉን እንዲያስብ ያደረገው የናይጄሪያ የባቡር ሐዲድ ነበር። ባቡሩ ኦቾሎኒ ከሰሜን ወደ ወደብ በማጓጓዝ ከጭነት መኪኖች ጋር ይወዳደር ነበር፤ መኪኖቹ መኖራቸው ግን ባቡሩን አላሻሻለውም። ሂርሽማን ምክንያቱን ሲመረምር ያገኘው ይህን ነው፤ ብልሽቱ በጣም የሚጎዳቸውና ድምፃቸው የሚሰማ ደንበኞች ጥለው ወደ መኪና ሄዱ፤ መንግሥት ከኋላው ስላለ ባቡሩ በገቢው ማነስ አልደነገጠም፤ የቀሩትም የሚጮኹበት አቅም የሌላቸው ሆኑ። ይህ በራያ ሜዳ የምናየው ነው። አቅም ያለው ባለሀብት ጄኔሬተር ይገዛል፣ ሶላር ይተክላል። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ለመናገር፣ አቤቱታ ጽፎ አዲስ አበባ ድረስ ለማስገባት ከሌላው ይልቅ አቅም የነበረው ይኸው ሰው ነበር። እሱ ሲወጣ ጨለማው የሚቀረው ካርድ ቆጣሪ ይዘው ለሚሰለፉት ነው። መውጫ ማብዛት ብቻውን የቀሩትን አያድንም፤ የቀሩት እጅ ላይ መዘግየትን የሚያስከፍል መሣሪያ ካልተሰጠ በቀር።

ሌላው ተቃውሞ «አገልግሎቱን ያበላሸው ጦርነት ነው» የሚል ነው። ለቆቦ ጦርነት በቃል የሚወራ ነገር አይደለም። ከተማዋ በ2013 ክረምት ከመንግሥት እጅ ወጥታ በታኅሣሥ 2014 ተመለሰች፣ በነሐሴ 2014 ዳግም የጦር ሜዳ ሆነች፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ተዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። መስመር የተበጠሰበትን፣ ሠራተኛው ነፍሱን ይዞ የሸሸበትን ጊዜ ማንም ፍትሐዊ ሰው በአገልግሎት ጉድለት አይከስም። በጥይት መካከል ምሰሶ ላይ የወጡ ቴክኒሻኖች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ጦርነት ሁሉንም የሚሸፍን ማመካኛ ሊሆን አይገባም። ከላይ የጠቀስኩት የአውሮፓ ደንብም ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታን ከካሣ ነፃ ያደርጋል፤ ይሁን እንጂ ሁኔታው ከአቅም በላይ መሆኑን ማስረዳት ያለበት አየር መንገዱ ነው። የጎደለን ይህ ነው። በእኛ ዘንድ ለጥያቄው ሁሉ «የጸጥታ ችግር ነው» የሚል መልስ ይሰጣል፣ መልስ ሰጪውም የማስረዳት ግዴታ የለበትም። በግጭት የተበጠሰው መስመርና መለዋወጫ በጊዜ ስላልታዘዘለት የቆመው ትራንስፎርመር በአንድ ማመካኛ ይጠቀለላሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ማስረዳት ግዴታ ቢሆን ልዩነቱ በራሱ ይወጣ ነበር።

«ድሃ አገር ነን፣ ድርጅቶቹም የመንግሥት ናቸው፤ ካሣ ይክፈሉ ማለት ከሕዝብ ኪስ አውጥቶ ለሕዝብ መስጠት ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው፤ ግን አሁን ያለውን ሁኔታ ያላየ ነው። ኪሳራውኮ ዛሬም ሕዝብ እየከፈለው ነው፤ ልዩነቱ እንዲከፍለው የተደረገው በጣም ደካማው ክፍል፣ ማለት ማሳው የደረቀበት ገበሬና እህሏን አዝላ የተንከራተተችው ሴት መሆናቸው ነው። ኪሳራው ወደ ድርጅቱ መዝገብ ሲዛወር መጠኑ ይታያል፤ በየዓመቱ ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ይሆናል፣ ቦርዱ ይጠይቅበታል፣ ከትራንስፎርመር ዋጋ ጋር ይነጻጸራል። አንድ ትራንስፎርመር ለወራት ሳይቀየር በመቅረቱ የሚከፈለው ካሣ ከትራንስፎርመሩ ዋጋ መብለጡ ሲታወቅ፣ ትራንስፎርመሩ ይገዛል። መብራት መቋረጥ የታወቀ ችግሯ የሆነችው ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 የኤሌክትሪክ ተጠቃሚዎች መብት ደንብ ስታወጣ፣ የተወሰኑ የአገልግሎት መለኪያዎች ሲጣሱ ደንበኛው ሳያመለክት ካሣ እንዲታሰብለት ደንግጋለች። ኢትዮ ቴሌኮም በ2016 በጀት ዓመት ከ93 ቢሊዮን ብር በላይ ገቢ ማግኘቱን ገልጿል። ከእንዲህ ያለ ገቢ ኔትወርክ ባልነበረበት ቀን ጊዜው ያለፈበትን ጥቅል ማራዘም የማይቻል ነው ብሎ የሚያምን ሊኖር አይችልም።

«ሕግ አለ፣ ክሰሱ» ለሚሉትም መልስ አለኝ። አዎን፣ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በግብይት ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁ ያቋቋመው ባለሥልጣን ግን በ2014 ዓ.ም. ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፣ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አለ፣ ብሔራዊ ባንክ አለ፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። ለቆቦ ገበሬ ግን ይህ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የአንድ ሰው ጉዳት ጥቂት ሺህ ብር ነው፤ ጉዳቱን ለማስረዳት የሚወስደው ጊዜ፣ የትራንስፖርቱና የጠበቃው ወጪ ከዚያ ይበልጣል። በማመልከቻና በክስ ላይ የተመሠረተ መብት ለትልቅ ጉዳት እንጂ ለብዙ ትናንሽ ጉዳቶች አያገለግልም፤ ድርጅቶቹ የሚያደርሱት ደግሞ በአብዛኛው ይህን ሁለተኛውን ነው። ካሣው ሳይጠየቅ በራሱ ከሒሳብ የሚቀነስ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ዘመናዊ ቆጣሪም፣ የባንኩ ሲስተምም፣ የቴሌው ሲስተምም የተቋረጠበትን ሰዓት ያውቁታል።

የሚያስፈልገው ነገር ረዥም አይደለም። ለአዲስ ቆጣሪ፣ ለተቃጠለ ትራንስፎርመር፣ ለተሳሳተ የባንክ ዝውውር በውሉ ላይ የተጻፈ ቀነ ገደብ ይኑር፤ ቀኑ ካለፈ በየቀኑ የሚቀነሰው ብር አስቀድሞ ይታወቅ። አቤቱታ ያቀረበ ሁሉ ቁጥርና ቀን ያለው ወረቀት ይዞ ይሂድ። መስኮት ላይ ለተቀመጠችው ልጅም እስከ ተወሰነ ብር ድረስ ስህተትን እዚያው የማረም ሥልጣን ይሰጣት፤ ያኔ ሥልጠናዋ ሥራ ያገኛል። ይህን ማስገደድ የሚችሉት ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው፤ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚቀጥለውን የታሪፍ ጥያቄ የካሣ ሠንጠረዥ ሳይያያዝበት መቀበል የለበትም። የቆቦና የአካባቢዋ የመስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበራት፣ ወፍጮ ቤቶችና ነጋዴዎችም ሠራተኛ ይቀየርልን ማለቱን ትተው፣ ለድርጅቶቹም ለመረጧቸው የምክር ቤት አባላትም ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ ያቅርቡ፦ በስንት ቀን ትሠሩልናላችሁ? ካልሠራችሁ ስንት ትከፍሉናላችሁ?